ዘንድሮ ከአርሰናል ምን እንጠብቅ? ደብተሬ ግራ አጋብቶኛል

ባለደብተሩ፦

ሰላም መድፈኞች።

የፊታችን እሁድ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ኦልድ ትራፎርድ ላይ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር እንጀምራለን። ድሮ ድሮ ይሄ ሳምንት ሲደርስ "ዘንድሮ የእኛ ነው" እያልኩ ጉራዬን እነዛ ነበር። አሁን አፌ እሺ አላለኝም። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ! የሊቨርፑል ደጋፊ የሆነው ታናሽ ወንድሜ ስልክ ሲደውልልኝ "ሃሎ፣ ሁለተኛው" ነው የሚለኝ። ስሜን ከተወው ቆይቷል።

ጥያቄ አለኝ። ከጥያቄው በፊት ግን ደብተሬን ላሳያችሁ።

ተራ ደብተር ነው። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ውጤቱን፣ ማን እንዳገባና በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ እጽፋለሁ። ያሸነፍነውን በሰማያዊ፣ የተሸነፍነውን በቀይ፣ አቻውን በእርሳስ። አቻን ለምን በእርሳስ እንደምጽፍ እኔም አላውቅም። ምናልባት ነገ ሐሳባቸውን ቀይረው የተሻረ ጎላችንን ያጸድቁልን ይሆናል ብዬ ነው መሰለኝ።

ሰሞኑን የአምናን ገጾች ገልጬ ቆጠርኩ። ቀይ አራት ብቻ ነው። ቦርንማውዝ ሁለት ጊዜ፣ ኒውካስልና ዌስትሃም አንድ አንድ ጊዜ። ሊቨርፑልስ አምና ስንት ጊዜ ተሸነፈ? እሱም አራት! ሻምፒዮኑና እኛ እኩል ነው የተሸነፍነው። የገባብን ጎል ደግሞ ከነሱ ያነሰ ነው። እኛ 34፣ እነሱ 41። ግን እነሱ በ84 ነጥብ ዋንጫ አነሡ፣ እኛ 74 ላይ ቀረን።

10 ነጥቡ የት ገባ? እርሳሱ ውስጥ። 14 አቻ! እነሱ 9። አምስቱን ብቻ ወደ ሰማያዊ ብቀይራቸው እኛም 84 እንገባለን። ይህን ሳሰላ ሌሊት ነበር፣ ደብተሩን ወርውሬው ተኛሁ።

ጠዋት አንሥቼ 14ቱን አንድ በአንድ አየኋቸው። ከኤቨርተንና ከኖቲንግሃም ፎረስት 0 ለ 0። ከፉልሃም፣ ከማንቸስተር ዩናይትድ፣ አንፊልድ ላይ ከሊቨርፑል፣ ተመርተን ነው አቻ ያደረግነው፤ እሺ፣ እነሱን ይቅር ብያለሁ። የቀሩት 9ኙ ግን በሙሉ እየመራን የጣልናቸው ናቸው። ብራይተን በሜዳችንም በሜዳቸውም። ሲቲ። ሊቨርፑል በሜዳችን። ቼልሲ። ቪላ። ኤቨርተን። ብሬንትፎርድ። ፓላስ።

የቪላው 2 ለ 0 ነበር። ሀቨርትዝ ሁለተኛውን በ55ኛው ደቂቃ ሲያስቆጥር በሰማያዊ መጻፍ ጀምሬ ነበር። የራሴ ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ። 60ኛው ላይ ቲሌማንስ፣ 68ኛው ላይ ዋትኪንስ። በሰማያዊው ላይ በእርሳስ ደርቤ ጻፍኩበት፣ ገጹ አሁንም ያስጠላል። የፓላሱ ደግሞ 2 ለ 1 እየመራን 83ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ሳሊባ ኳሷን በስህተት ሰጠ፣ ማቴታ ግብ ጠባቂያችን ራያ ከግቡ ርቆ መቆሙን አየና ከሩቅ በላዩ አሻገራት። ኳሷ ስትወርድ ያ ሁሉ ጊዜ! የራት ሰዓት አልፎ አሁንም እየወረደች ነበር። ከዚያ በኋላ ሊቨርፑል የቀረው አንድ ነጥብ ብቻ ነበር፣ በዚያው እሁድ ስፐርስን 5 ለ 1 ደፍጥጦ ጨረሰው።

ቦርንማውዝም በሜዳችን ራይስ አስቀድሞ አግብቶ ነው 2 ለ 1 የተሸነፍነው። ደምሩት። ከመራን በኋላ የጣልነው 21 ነጥብ ነው። 21!

አሁን ጥያቄዬ። "አጥቂ ቢኖረን ኖሮ" የሚለውን ዘፈን ለዓመታት ዘፍነናል። ዮኬሬሽ መጣ። "አማካይ ላይ ኳስ የሚያረጋጋ" ብለን ነበር፣ ዙቢሜንዲ መጣ። ኖርጋርድ፣ ማዱኬ፣ ሞስኬራ፣ ኬፓ። ተጠባባቂ ወንበሩ ሞላ። ሰበብ አለቀ። ታዲያ ዘንድሮ "ዋንጫ ካልመጣ አሠልጣኙ አርቴታ ይሂድ" ማለት ፍትሐዊ ነው ወይስ ችኮላ ነው? እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ? "እናያለን" የሚል መልስ አልቀበልም።

ማዕዘን ምት፦

ደብተርህ ይመቸው፣ ግን ቀይ ካርድ የምትጽፍበት ቦታ የለህም እንዴ?

ብራይተንን በሜዳችን 1 ለ 0 እየመራን ራይስ በ49ኛው ደቂቃ ወጣ። ለምን? ኳሷን በእግሩ ነካ አድርጎ ስላንከባለለ። ሲቲ ሜዳ ኢቲሃድ ላይ 2 ለ 1 እየመራን ትሮሳርድ ከእረፍት በፊት ወጣ፣ 45 ደቂቃ ሙሉ በ10 ሰው ሳጥናችን ውስጥ ተደርድረን ቆይተን በ98ኛው ደቂቃ ስቶንስ አገባብን። ቦርንማውዝ ሜዳ ላይ ሳሊባ በመጀመሪያው አጋማሽ ወጣ፣ 2 ለ 0። እነዚህ ሁሉ ገና እስከ ጥቅምት ያሉት ናቸው። ከ11 ሰው ጋር ብንጫወት ደብተርህ ሌላ ደብተር ነበር።

ስለ ጉዳቱም አላነሣህም። ሳካ ታኅሣሥ ላይ ተጎድቶ ከሦስት ወር በላይ ጠፋ። ጄሱስ ጉልበቱን። ሀቨርትዝ ዱባይ ልምምድ ላይ የኋላ ታፋው ሄደ። ኋላ ጋብርኤልም ጨመረ። ይሄን ስማ፦ የሊጉ ከፍተኛ ጎል አግቢያችን ሀቨርትዝ ነው፣ በ9 ጎል። የካቲት መጀመሪያ ላይ ተጎድቶ ተኝቶ ማንም አልደረሰበትም! አንድም ተጫዋች ሁለት አኃዝ አልገባም። ሜሪኖን ከአማካይ አንሥተን አጥቂ አድርገን ሁለተኛ ወጣን፣ ማድሪድን 3 ለ 0 እና 2 ለ 1 ደበደብን። አርቴታ መባረር ሳይሆን ሐውልት ነው የሚገባው።

የእኔ ግምት፦ ዋንጫ። ጨረስኩ።

የራያ ጓንት፦

ሐውልቱ ትንሽ ይቆይ፣ ወንድሜ። እኔ የባለደብተሩን ነገር ወድጄዋለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት።

ከመራን በኋላ ነጥብ የምንጥለው ተከላካዮቻችን ስለደከሙ አይደለም። የገባብንን ጎል ራስህ ጽፈሃል፣ ከሻምፒዮኑ ያንሳል። ችግሩ ከፊት ነው። አምና ከየካቲት በኋላ ያለውን አንድ ጨዋታ ድጋሚ አይተህ መጨረሻ 20 ደቂቃው ላይ ብቻ አተኩር። ሳሊባ ኳሷን ጠርጎ ያርቃታል። ማን ጋ ትደርሳለች? ሜሪኖ ጋ። ሜሪኖ በጭንቅላት ጎበዝ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ሲገኝ ይጨርሳል፣ ሩጫ ግን የሱ ሥራ አይደለም። ኳሷ በአምስት ሰከንድ ተመልሳ ትመጣለች። እንደገና ይጠርጋል። እንደገና ትመጣለች። ስድስት ሰባት ጊዜ ከመጣች አንዷ ትገባለች። ስለዚህ ተጋጣሚ ሁለቱንም የመሐል ተከላካይ እኛ ሜዳ ድረስ አምጥቶ ያስቀምጣል፣ ምክንያቱም ከኋላው የሚሮጥበት የለም።

ዮኬሬሽን የምጠብቀው ለዚህ ነው። ፖርቹጋል ሊግ ላይ ያገባቸው 39 ጎሎች አያሰክሩኝም፣ ከውስጣቸው ፍጹም ቅጣት ምቶችም አሉ፣ ሊጉም ሌላ ነው። ግን ስፖርቲንግ እያለ ያደርጋት የነበረች አንዲት ነገር አለች። ኳሷ ገና ከኋላ ሳትነሣ ወደ ግራ መስመር ጠርዝ ይወጣል፣ ተከላካዩን በትከሻው ይገፋዋል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይዞራል። ጎል ባይሆን እንኳ የማዕዘን ምት ወይም የእጅ ውርወራ ይሆናል። ያ ማለት ጋብርኤልና ሳሊባ አንድ ደቂቃ ይተነፍሳሉ ማለት ነው። አንድ ደቂቃ በ83ኛው ላይ ምን ማለት እንደሆነ ማቴታን ጠይቁት።

ስጋቴም አለኝ። በሜዳችን ብዙ ቡድን ዘጠኝ ሰው ሳጥን ላይ ደርድሮ ነው የሚጠብቀን። እዚያ የሚሮጥበት ቦታ የለም። ቅዳሜ ቢልባኦን 3 ለ 0 ስንረታ በጭንቅላት አግብቷል፣ ደስ ይላል፣ ግን የወዳጅነት ጨዋታ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ስፐርስም ቪያሪያልም አሸንፈውናል፣ አልሰከርኩም እንዳልኩት ማለት ነው።

አርቴታን በተመለከተ ቢያንስ እስከ መስከረም መጨረሻ ማንም አፉን አይክፈት። መርሐ ግብሩን አይታችሁታል? ዩናይትድ ከሜዳ ውጪ፣ ሊድስ፣ አንፊልድ ላይ ሊቨርፑል፣ ፎረስት፣ ሲቲ፣ ከዚያ ኒውካስል ከሜዳ ውጪ። ያወጣው ሰው የባላንጣችን የስፐርስ ደጋፊ ነው ብዬ አልምልም፣ ግን ልቤ ይጠረጥራል።

ቀዩ ጎረቤት፦

ሻምፒዮን ነኝ፣ ልግባ?

ባለደብተሩ፣ ሒሳብህ ትክክል ነው፣ ድምዳሜህ ግን ያንሳል። "አምስቱን ብንቀይራቸው" ትላለህ። እኛም አምስት አቻ ብንቀይር 94 እንገባለን። "ብን" የምትል ቃል ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ቦታ የላትም።

ልዩነቱ ቀላል ነው። እኛ 86 አገባን፣ እናንተ 69። ሳላህ ብቻውን 29 አግብቶ 18 አመቻችቷል። ሁለት ለአንድ ስንመራ ሦስተኛውን ነው የምንፈልገው፣ እናንተ ሰዓት ነው የምታዩት። በሜዳችሁ 2 ለ 2 የወጣንበትን ታስታውሳለህ? መርታችሁን ነበር። ጋብርኤል ተጎድቶ ሲወጣ ቡድኑ ሙሉ 20 ሜትር ወደ ኋላ ሸሸ። ሳላህ 81ኛው ላይ አገባ። እኔ እንደሚገባ 70ኛው ላይ አውቄዋለሁ፣ ሁኔታችሁ ይነግር ነበር።

ስለ አሠልጣኙ ግን ከጠላትም ቢሆን እውነት ስሙ። እኛ በ2018/19 97 ነጥብ ሰብስበን ሁለተኛ ወጣን። 97! አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፈን። ክሎፕ ይባረር ያለ አንድ ሰው አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት በ99 ነጥብ ወሰድነው። በር ላይ ደርሶ የሚመለስ ሰው ቤቱን ያውቀዋል። ቁልፉ ነው የጠፋው።

ዘንድሮ ደግሞ ቪርትዝና ኤኪቲኬ መጥተዋል። ሁለተኛነታችሁን ጠብቋት፣ ሲቲ ይፈልጋታል።

ባለደብተሩ፦

ቀዩ ጎረቤት፣ ትናንት ዌምብሌይ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት በፓላስ የተሸነፈው ማን ነበር? ሻምፒዮን ነኝ ያልከው ሰውዬ ስሙ ጠፋኝ።

የክሎፕን ነገር ግን ጎዶሎ አድርገህ ነው የነገርከን። በዚያው 97 ነጥብ ባመጣበት ዓመት ቻምፒየንስ ሊጉን በልቷል። ባዶ እጁን አልገባም። አርቴታ የ2020ውን ኤፍኤ ካፕ ካነሣ በኋላ ያለው ሁለት ኮሚዩኒቲ ሺልድ፣ የዓመቱ መክፈቻ ጨዋታ ዋንጫ፣ ነው፣ ኮሚዩኒቲ ሺልድን ደግሞ ትናንት ካጣኸው በኋላ አንተም "እሱ እንኳ ዋንጫ አይደለም" ማለትህ አይቀርም።

የራያ ጓንት፣ ያልሽውን አንብቤ ሁለት ጨዋታ ድጋሚ አየሁ። የብሬንትፎርዱንና የፓላሱን። ኳሷ ተጠርጋ ስንት ሰከንድ ውስጥ እንደምትመለስ በስልኬ ቆጠርኩ። አምስት ብለሽ አጋንነሻል መስሎኝ ነበር። አንዳንዴ አራት ነው። እህቴ "ኳስ ነው የምታየው ወይስ እንቁላል እየቀቀልክ ነው" አለችኝ።

ሃይበሪ የቀረ ልብ፦

ልጆች፣ ደህና አመሻችሁ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ስልክ ላይ ስጽፍ ፊደል ይጠፋብኛል፣ ታገሡኝ።

ባለደብተሩ ልጄ፣ አቻን እንደ በሽታ ቆጠርከው። ያ ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሣው የ2003/04 ቡድን ስንት አቻ የወጣ ይመስልሃል? 12 ነው። 26 ድል፣ 12 አቻ፣ 90 ነጥብ። አንተን እንቅልፍ ከነሣህ ቡድን የሚያንሰው በሁለት አቻ ብቻ ነው። ያኔ ደብተር ይዘህ ቢሆን ኖሮ እርሳስህ ያልቅ ነበር።

ልዩነቱን ልንገርህ። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2004 መጀመሪያ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዋንጫ አጣን። ቅዳሜ ዩናይትድ ከኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ አስወጣን። ማክሰኞ ቼልሲ የድሮው ሜዳችን ሃይበሪ መጥቶ ከቻምፒየንስ ሊግ አስወጣን፣ ዌይን ብሪጅ ነው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ያገባብን። ዓርብ ደግሞ ሊቨርፑል መጣ። ለእረፍት ሲወጡ 2 ለ 1 እየተመራን። እኔ ተነሥቼ ልሄድ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጫማዬን አጥልቄ ነበር። ሊጉም ሄደ አልኩ።

ከእረፍት መልስ ፒሬስ አገባ። ወዲያው፣ ደቂቃም አልሞላ መሰለኝ፣ ኦንሪ ኳሷን መሐል ሜዳ አካባቢ ያዘ። ሃማንን አለፈው። ካራገርን ወደ አንድ በኩል ሄድኩልህ ብሎ በሌላው ሲወጣበት ካራገር ከራሱ ጓደኛ ጋር ተጋጨ። ከዚያ በቀኝ እግሩ ውስጠኛ ክፍል፣ ቀስ አድርጎ፣ እንደ ሰላምታ። 3 ለ 2። ኋላ አንድ ጨመረና 4 ለ 2 አለቀ። ጫማዬን መቼ እንዳወለቅሁ አላውቅም።

ያ ቡድን ነጥብ ጥሎ ያውቃል፣ ተመርቶ ያውቃል። ግን በሚቀጥለው ጨዋታ ትናንትን ይዞ ሜዳ አይገባም ነበር። የአሁኖቹ ልጆች ይዘው ነው የሚገቡት። የመጀመሪያዋ ሙከራ ስትሳት ፊታቸውን እዩት፣ ኦዴጋርድ እጁን ሲያወራጭ፣ ደጋፊውም ሲያጉረመርም። ሜዳውን ሙሉ የያዘው ፍርሃት ነው። ዮኬሬሽ የኦንሪን 14 ቁጥር ለብሷል አሉ። ማሊያው ከባድ ነው፣ ጎል ብቻ አይደለም ያለበት።

አርቴታ ይሂድ አይሂድ የሚለውን እኔ አልመልስም። አሠልጣኝ ሲሄድ የሚመጣውንም አይቻለሁ። የእኔ ምኞት እንደሆነ አንዲት ናት። አንድ ጊዜ፣ አታላግጡብኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዋንጫውን ልይ።

ማዕዘን ምት፦

ጋሼ፣ ገደሉን እኮ! ያን ጎል ገብቼ አይቼ መጣሁ። ካራገር እስካሁን የተነሣ አይመስለኝም።

ባለደብተሩ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 12 አቻ የሚለውን ሳነብ መጀመሪያ አላመንኩዎትም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቆጠርኩት። 12 ነው።

ከዚያ ደብተሩን ሌላ ዓይነት አድርጌ አየሁት። አቻዎቹን ትቼ ከአቻዎቹ በኋላ ያለውን ጨዋታ። እርስዎ ትናንትን ይዘው ይገባሉ ያሉትን ማለት ነው። መስከረም ላይ ከሲቲ አቻ ወጣን፣ ቀጥሎ ሌስተርን አሸነፍን። ቼልሲ ላይ አቻ፣ ቀጥሎ ፎረስትን 3 ለ 0። መጥፎ አይደለም አልኩ። ወደ የካቲትና መጋቢት ስሄድ ግን መልኩ ተቀየረ። የካቲት አጋማሽ ዌስትሃም በሜዳችን አሸነፈን፣ ቀጥሎ ፎረስት 0 ለ 0፣ ቀጥሎ ዩናይትድ 1 ለ 1። መጋቢት መጨረሻ ላይ ኤቨርተን፣ ቀጥሎ ብሬንትፎርድ። እርሳስ፣ እርሳስ። እንደ ጉንፋን ከአንዱ ወደ አንዱ ይጋባል። መስከረም ላይ የሌለ ነገር ነው፣ ሰንጠረዡ ሲጠብ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ የራሴን ጥያቄ ራሴ ልመልስ። "ዋንጫ ወይም ስንብት" የሚለውን አነሣሁት። እስከ ጥር ስለ አርቴታ አልናገርም። የምጠብቀው ይሄ ነው፦ 2 ለ 1 እየመራን 75ኛው ደቂቃ ሲደርስ ወንበሩ ላይ ካሉት ውስጥ ተከላካይ ሳይሆን አጥቂ ሲገባ ማየት እፈልጋለሁ። ዮኬሬሽ ደክሞ ሲወጣ ሀቨርትዝ ሲገባ፣ ማርቲኔሊ ወጥቶ ማዱኬ ሲገባ። አምና ሰው አልነበረም፣ ዘንድሮ አለ። ሰው እያለ ስድስተኛ ተከላካይ ካስገባ ያኔ ሐሳቤን እቀይራለሁ፣ በጽሑፍም እነግራችኋለሁ። ነጥብ ካላችሁኝ 85 እላለሁ። በቂ ይሁን አይሁን የሊቨርፑል ጉዳይ ነው።

ለወንድሜም ደወልኩለት። "ሃሎ፣ ሁለተኛው" አለ። "ስማ፣ ኦንሪ ካራገርን ያሳለፈባትን ጎል አይተህ ታውቃለህ?" አልኩት። ያኔ ሕፃን ነበር። ሊንኩን ላክሁለት። እስካሁን አልመለሰልኝም።

አዲስ ገጽ ከፍቻለሁ። ለእርሳስ 12 መስመር ትቻለሁ፣ የጋሼን ቁጥር። ከዚያ በላይ ቦታ የለውም።

ቀዩ ጎረቤት፦

አትጨነቅ፣ ነሐሴ 25 አንፊልድ ስትመጡ እርሳሱን አንነካብህም። ቀዩን እስክሪብቶ አቀብለን።